ሥልጠና ላይ የሚቀርብ ገለጻ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

አዳራሽ ሙሉ ሰው በጥሞና ያዳመጠው ገለጻ፣ በሥልጠና ሚዛን ሲመዘን ባዶ ሊሆን ይችላል። ንግግር የተሳካ የሚባለው አድማጩ ሲያምንበት ነው። ሥልጠና ግን የሚሳካው ሠልጣኙ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ አሠልጣኙ አጠገቡ በሌለበት ቀን፣ የተማረውን በገዛ እጁ ሲሠራው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህች ደቂቃ ለአሠልጣኙ አንደበት ትሁን ወይስ ለሠልጣኙ እጅ?

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን፤ ለ20 ሠራተኞች የሚሰጥ፣ በእጅ የሚያዝ የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም የ60 ደቂቃ ሥልጠና። ርዕሱ የሒሳብ ሶፍትዌር ወይም የደንበኛ አያያዝ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ የሚጻፈው ስላይድ አይደለም

ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት በወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ሥልጠና ሲያበቃ ሠልጣኙ እንዲህ ያደርጋል»። «እንዲህ ያደርጋል» በሚለው ቦታ የሚገባው ግስ በዓይን የሚታይ ድርጊት ይሁን። «ያውቃል»፣ «ይረዳል»፣ «ግንዛቤ ያገኛል» የሚሉት አይታዩም፤ አንድ ሰው መረዳቱን ቆሞ አይቶ የሚመሰክር የለም። «ይለያል»፣ «ይመርጣል»፣ «ይነቅላል»፣ «ይሞላል»፣ «በቅደም ተከተል ይናገራል» ግን ይታያሉ።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው አጻጻፍ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ድርጊቱ ምንድን ነው? በምን ሁኔታ ይከናወናል? ምን ሲያሟላ ነው «ችሏል» የሚባለው? በእኛ ምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ «ሠልጣኙ ከውሃ፣ ከአረፋና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያዎች መካከል ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆነውን ይመርጣል፤ ያለ ማንም እገዛ ፒኑን (እጀታውን የሚቆልፈውን ሽቦ) ነቅሎ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥራል»። ይህን ከጻፉ በኋላ የትኛው ይዘት እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ መወሰን ቀላል ነው። የእሳት ኬሚስትሪና የማጥፊያ ታሪክ ምንም ያህል ቢጥሙ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ይወጣሉ።

ለ60 ደቂቃ እንዲህ ያለ ግብ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ሦስተኛውን ሲጨምሩ የሚጠፋው የልምምዱ ጊዜ ነው።

2. ማን ነው የሚመጣው?

ሥልጠናውን ላዘዘው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሚሠለጥኑት መካከል ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ይደውሉ። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይበቃል። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ አሁን ይህን ሥራ እንዴት ትሠሩታላችሁ? የምትቸገሩት የቱ ጋ ነው? በየትኛው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ይቀላችኋል? ሥልጠናውን ፈልጋችሁት ነው ወይስ ታዛችሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ታዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ነውና የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ለዚህ መልስ ማዋል ይገባል። ፈልጎ የመጣው ግን ቶሎ ወደ ሥራው እንዲገባ ይጠብቃል። ጀማሪና ልምድ ያለው ሰው ተቀላቅለው ከመጡ፣ ባለልምዱን በልምምዱ ሰዓት የጓደኞቹን እርምጃ በዝርዝር ወረቀት ላይ እንዲያረጋግጥ ያድርጉት። ሥራ የሌለው ባለልምድ ከኋላ ተቀምጦ ያወራል፤ ሥራ ከተሰጠው ግን ግማሽ አሠልጣኝ ይሆንልዎታል።

ከአሠልጣኙ ራስ የሚመጣ እንቅፋትም አለ። እጅ የለመደውን ነገር ዓይን አያየውም። ስለዚህ ሥራውን ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ይሥሩት፤ ሌላ ሰው እያየ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይጻፍ። ከዚያ ዝርዝሩን እርስዎ ሊያስተምሩ ካሰቡት ጋር ያስተያዩት። የዘለሏት እርምጃ ጀማሪው የሚሳሳትባት ናት። በእሳት ማጥፊያ ላይ ሁሉም «ፒኑን ንቀሉ» ይላል፤ «እጀታውን ሳትጨብጡ» የሚለውን የሚጨምር ጥቂት ነው። እጀታው በተጨበጠ ቁጥር ፒኑን ይነክሰዋል፣ ፒኑም አልነቀልም ይላል። የተደናገጠ ሰው ደግሞ የሚያደርገው አጥብቆ መጨበጥ ነው።

3. ይቀንሱ

የአእምሮ የሥራ ማኅደር ጠባብ ነው። ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ አዲስ ነገር ይዞ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው አራት ያህል ቁራጭ መሆኑን አሳይቷል። ሠልጣኙ ሰባተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ የሚጠፉበት ሰንፎ አይደለም።

ይዘትዎን በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ጽፈው በሦስት ይከፋፍሉት፦ ሳያውቀው መውጣት የሌለበት፣ ቢያውቀው የሚጠቅመው፣ ሲፈልግ አንብቦ የሚደርስበት። የመጀመሪያው ብቻ በቃል ይቀርባል። ሁለተኛው በሚታደለው ወረቀት ላይ ይገባል። ሦስተኛው የት እንደሚገኝ መጠቆም ይበቃል። የመጀመሪያው ክምር ከአራት በላይ ከሆነ በቡድን ይሰብስቡት ወይም ሥልጠናውን ለሁለት ይክፈሉት። የማጥፊያው አጠቃቀም ራሱ አራት ቃል ነው፦ ንቀል፣ አነጣጥር፣ ጫን፣ አወዛውዝ። ከዚህ ላይ «የግፊት መለኪያውን እይ» የሚለውን አምስተኛ ማድረግ ያምራል፤ ነገር ግን ቦታው ሌላ ነው። መለኪያው የሚታየው በወርኃዊ ፍተሻ ነው እንጂ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ስላልሆነ ወደ ወረቀቱ ይሂድ።

4. የደቂቃ እቅድ

60 ደቂቃ ከተሰጠዎ 50 ያቅዱ። አሥሩን የሚወስዱት አሉ፤ አርፍዶ የሚገባ ሰው፣ እምቢ ያለ ኬብል፣ ያልታሰበ ጥያቄ። እቅዱ በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

- 0–4፦ ሦስት የእሳት ፎቶዎች ይታያሉ፤ ሠልጣኙ የትኛውን ማጥፊያ እንደሚያነሣ ማንንም ሳያማክር ይጽፋል።
- 4–12፦ የማጥፊያ ዓይነቶችና ለየትኛው እሳት እንደሚሆኑ፤ በአሠልጣኙ ገለጻ።
- 12–17፦ ሁለት ሁለት ሆነው ስድስት ካርዶችን ከትክክለኛው ማጥፊያ ጋር ያዛምዳሉ።
- 17–24፦ አጠቃቀሙ በተግባር ይታያል።
- 24–42፦ ልምምድ።
- 42–50፦ ፍተሻና የቀሩ ጥያቄዎች።

ከ50ው ውስጥ አሠልጣኙ የሚናገረው 15 ያህሉን ብቻ እንደሆነ ልብ ይበሉ። አንድ ወጥ ገለጻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያልፍ በሥራ እንዲቋረጥ ማድረግ ጥሩ መለኪያ ነው። ምክንያቱም ከዚያ በላይ ሲሄድ ያልተሠራበት ነገር ይከማቻል፤ የሚቀጥለው የሚቆምበት መሠረት ያጣል።

ልምምዱን በሰው ቁጥር አባዝተው ይፈትሹት። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ለመሥራትና ለመታረም 3 ደቂቃ ከወሰደ፣ 20 ሰው በአንድ ማጥፊያ 60 ደቂቃ ይፈጃል። በአራት ማጥፊያ፣ አምስት አምስት ሰው ሆኖ፣ 15 ደቂቃ ነው። ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ስሌት ላይ ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ልምምድ ይታቀዳል፣ ከዚያ ሦስት ሰው ሞክሮ 17ቱ ተመልካች ሆነው ይወጣሉ።

ቢዘገይብዎ የሚቆረጠውን ቀድመው በቀይ ያስምሩበት። እዚህ ላይ የካርዱ ሥራ ነው። ልምምዱ አይቆረጥም። ሰዓት ሲያልቅ የቀሩትን 12 ስላይዶች በሁለት ደቂቃ መገለባበጥ ደግሞ ከመዝለል የከፋ ነው፤ ሠልጣኙ የሚይዘው ነገር ሳይኖር ግራ መጋባቱን ብቻ ይዞ ይወጣል።

5. ስላይድ

አንድ ስላይድ አንድ ነገር ይናገር፤ ርዕሱም ሙሉ ሐሳብ ይሁን። «የማጥፊያ ዓይነቶች» ምንም አይናገርም፤ «ውሃ በኤሌክትሪክ እሳት ላይ አይረጭም» ግን ርዕሱን ብቻ ያነበበውን ሰው እንኳ ከአደጋ ያድነዋል።

ስላይዱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አያንብቡ። የሠልጣኙ ዓይን ከእርስዎ አፍ ይፈጥናል፤ አንብቦ ጨርሶ ይጠብቅዎታል፣ ወይም ሁለቱን ሊያስተካክል ሲታገል አንዱንም አይዝም። ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ሜየር ያካሄዷቸው ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ሥዕል ከንግግር ጋር ይረዳዳል፤ ያው ጽሑፍና ያው ንግግር ግን ይሻማሉ። የግድ መነበብ ያለበት ጽሑፍ ካለ ያሳዩት፣ ዝም ብለው እንዲነበብ ጊዜ ይስጡ፣ ከዚያ ይናገሩ።

የፊደል መጠን ለዝርዝር ከ28 አይነስ፣ ለርዕስ ከ36 እስከ 40 ይሁን። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ከዚህም ትንሽ ከፍ ማድረግ አይከፋም፤ «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለያት አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፣ በደማቅ አጻጻፍ ደግሞ ክፍተቶቹ ይዘጋሉ። ለማረጋገጥ ከላፕቶፑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይቁሙ። ከዚያ ካልተነበበ፣ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰውም አያነበውም።

በአማርኛ ለሚያቀርብ ሰው አንድ የታወቀ ችግር አለ፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ አምሮ የሚታየው ጽሑፍ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ ወይም የመስመሩ ርዝመት ተለውጦ ከስላይዱ ይወጣል። ምክንያቱ የፊደሉ ቅርጽ (ፎንቱ) እዚያ አለመጫኑ ነው። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ፎንቱ አብሮ እንዲቀመጥ ይምረጡ፤ በዚያ ላይ የፒዲኤፍ ቅጂ ይያዙ። ሁለቱንም በፍላሽ ላይም በኢሜይልም ያኑሩ።

ቀለምን ብቻውን መለያ አያድርጉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ከ12ቱ አንዱ ይደርሳል። የማጥፊያው የግፊት መለኪያ ራሱ በአረንጓዴና በቀይ ነው የሚከፈለው። «መርፌው አረንጓዴው ላይ» ከማለት ጋር «መሀል ላይ» ብሎ ቦታውንም መናገር ይገባል።

በፓወርፖይንት ማቅረቢያ ገጽ ላይ ሳሉ የ«ቢ» ቁልፍ ስክሪኑን ያጠቁረዋል፤ እንደገና ሲጫኑት ይመልሰዋል። ዓይን ሁሉ ወደ እርስዎ ወይም ወደ ዕቃው እንዲመለስ ሲፈልጉ ይህን ይጠቀሙ። የስላይዱን ቁጥር ጽፈው «ኢንተር» ሲጫኑ በቀጥታ ወደዚያ ይዘላል፤ ጥያቄ ሲመጣ ሠልጣኙ ፊት ሃያ ስላይድ ወደኋላ ከመገልበጥ ያድናል። ለዚህ የስላይዶቹን ቁጥርና ርዕስ በአንድ ወረቀት አትመው ያስቀምጡ።

የሚታደለው ወረቀት ሙሉ ማብራሪያ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይታደል፤ መጀመሪያ ከተሰጠ ክፍሉ አጎንብሶ ያነባል። የሚሞላ ባዶ ቦታ ያለው የሥራ ወረቀት ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ይሰጥ።

6. ማሳየት፦ የሥልጠናው ልብ

የእጅ ሥራም ይሁን የኮምፒውተር ሥራ፣ አብዛኛው አሠልጣኝ አንድ ጊዜ እየተናገረ ያሳይና «በሉ ሞክሩ» ይላል። በመሀል ሁለት ደረጃ ዘልሏል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን ለሕክምና ሥልጠና ያዘጋጀው ባለአራት እርምጃ አካሄድ ለማንኛውም ሙያ ይሆናል።

አንደኛ፣ ያለ ንግግር፣ በትክክለኛው ፍጥነት አንድ ጊዜ ይሥሩት። ማጥፊያውን አንሥቶ፣ ነቅሎ፣ አነጣጥሮ፣ ረጭቶ መጨረስ 20 ሰከንድ አይሞላም። ሠልጣኙ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ካላየ ክፍልፋዮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛ፣ እየዘገዩ፣ እያብራሩ ይሥሩት። እዚህ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ፋብሪካዎች አዳዲስ ሠራተኞችን በፍጥነት ለማሠልጠን ከተዘረጋው ፕሮግራም የተወረሰ አከፋፈል በጣም ይረዳል፦ ዋና እርምጃ፣ ቁልፍ ነጥብ፣ ምክንያት። በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። «እርምጃው፦ ፒኑን መንቀል። ቁልፉ ነጥብ፦ ማጥፊያውን መሬት ላይ አቁሞ፣ እጀታውን ሳይጨብጡ። ምክንያቱ፦ እጀታው ከተጨበጠ ፒኑን ይነክሰዋል»። «እርምጃው፦ ማነጣጠር። ቁልፉ ነጥብ፦ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ ወደ እሳቱ ሥር፣ መውጫን ከጀርባ አድርጎ። ምክንያቱ፦ ነበልባሉን ብንረጨው የሚነደው ነገር አልተነካም፤ እሳቱ ቢያሸንፈን ደግሞ መሸሻ ያስፈልገናል»። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው እርምጃውን ሥራ ሲበዛበት ይተዋል። ምክንያቱን የሰማ ግን ሁኔታው ሲለወጥ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ለምሳሌ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ቀንዱ (ጋዙ የሚወጣበት ሰፊ አፍ) በባዶ እጅ የማይያዘው በሚረጭበት ጊዜ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የሚዘለለው ነው፤ እኛ ግን ከአራቱ ሁሉ አብልጠን እንይዘዋለን። አሁን ሠልጣኙ ይናገራል፣ እርስዎ ይሠራሉ፤ የተነገርዎትን ብቻ። ሠልጣኟ «ማጥፊያውን አንሣ፣ አነጣጥር፣ ጫን» ካለች ያንሡ፣ ያነጣጥሩ፣ ይጫኑ። ምንም አይወጣም። ዝም ብለው እንደጫኑ ይቁሙ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ አንድ ሰው «ፒኑ! ፒኑ አልተነቀለም!» ይላል። እርስዎ ሃምሳ ጊዜ ቢነግሩት የማይያዝ ነገር በዚህች ቅጽበት ይያዛል። እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ሠልጣኟ የዘለለችውን እጅ በልምድ ሞልቶት ማለፉ ነው። እጅዎን ይግዙት።

አራተኛ፣ ሠልጣኙ ራሱ እየተናገረ ይሥራ። ለልምምድ በውሃ የተሞላ ማጥፊያና ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ የቆመ ዒላማ ይበቃል። የእርስዎ እጅ ከኋላ ይታሰር። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ማውሱን አይቀበሉ። ማውሱን የነጠቀ አሠልጣኝ ሥራውን ይጨርሳል፤ ሠልጣኙ ግን የተማረው ነገር የለም።

ስለ አቋቋም ደግሞ፦ ፊት ለፊት ቆመው ሲያሳዩ ቀኝዎ ለሠልጣኙ ግራ ነው። በጎንዎ ወይም ጀርባዎን ሰጥተው በትከሻዎ ላይ እንዲታይ ያድርጉ። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰው ይክበብዎት፤ ከኋላ ያለው ካላየ አልታየም ማለት ነው።

ስታርሙ አንድ ስሕተት በአንድ ጊዜ። ሠልጣኙ አራት ነገር ቢያበላሽ አደገኛውን መርጠው በሚታይ ቃል ይንገሩት፦ «አፈሙዙ ወደ ነበልባሉ ነበር፤ አሁን ወደ ሥሩ አውርደህ ድገመው»። «ጎበዝ» ማለት መልካም ነው፤ ግን ምኑ ጎበዝ እንዳስባለው ካልተጨመረ የሚደግመውን አያውቅም። ወዲያውኑ መደገሙ ግዴታ ነው፤ ታርሞ ያልደገመ ሰው የመጨረሻ ትዝታው ስሕተቱ ነው።

7. ጥያቄ መጠየቅ

«ገብቷችኋል?» ከሚባሉት ጥያቄዎች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ያልገባውም «አዎ» ይላል፤ ምክንያቱም በጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። በምትኩ መልሱ መረዳትን የሚያጋልጥ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «የሚነደው ኮምፒውተር ነው፣ አጠገባችሁ ያለው የውሃ ማጥፊያ ብቻ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

ከጠየቁ በኋላ ይጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚመልሱ ሰዎችም በዙ። ሦስት ሰከንድ ለቆመ ሰው ረጅም ነው። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ውሃ ይጎንጩ፤ ብቻ ራስዎ አይመልሱት።

ስም የሚጠራው ከጥያቄው በኋላ ነው። «ሳምራዊት፣ ለምንድን ነው...» ሲባል የቀሩት 19 ሰዎች ማሰብ ያቆማሉ። ጥያቄው ቀድሞ፣ ዝምታው ቀጥሎ፣ ስሙ መጨረሻ ከሆነ ግን ሁሉም ይዘጋጃል።

የተሳሳተ መልስ ሲመጣ «አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ሰው አይዝለሉ። «እንዴት እዚያ ደረስሽ?» ይበሉ፤ የሳተችበት ቦታ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ሌሎች አምስት ሰዎች ዝም ብለው የያዙት ስሕተት እሱ ራሱ ነው። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ከመጣ «አላውቀውም፣ ነገ እስከ እኩለ ቀን አጣርቼ እልካለሁ» ይበሉና ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፉት። ያንኑ ወረቀት ከርዕስ የወጣ ጥያቄ ለማቆየትም ይጠቀሙበት። ነገር ግን ሳይመልሱት አይሂዱ፤ አንዴ ወረቀቱ የጥያቄ መቅበሪያ መሆኑ ከታወቀ ሁለተኛ የሚጠይቅ አይኖርም።

8. የቡድን ሥራ ትእዛዝ

ሰው ከመበተኑ በፊት ይንገሩ፤ ወንበር መጎተት ከጀመረ በኋላ የሚሰማ የለም። የሚነገረው ምን እንደሚሠሩ፣ ስንት ሆነው፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን ይዘው እንደሚመለሱ ነው። ይህ በስክሪን ላይ ተጽፎ ሥራው እስኪያልቅ ይቆይ። ከዚያ አንድ ሰው ትእዛዙን በራሱ ቃል እንዲደግመው ይጠይቁ። ቡድኑ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይሁን፤ ከስድስት በላይ ሲሆን ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ። ሥራው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ያስታውቁ። ሁሉም ቡድን ሁሉን ነገር ካቀረበ ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ይተኛል፤ አንዱ ያቅርብ፣ ሌሎቹ የተለየባቸውን ብቻ ይጨምሩ።

9. ክፍሉና ዕቃው

ከ45 ደቂቃ በፊት ይድረሱ። ገመዱን ሰክተው ስላይዱን ይክፈቱ፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዩት፣ ድምፅ ያለው ቪዲዮ ካለ ያጫውቱት። ስክሪኑ ላይ ካልወጣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ቁልፍና «ፒ»ን አብረው ተጭነው «ዱፕሊኬት» ወይም «ኤክስቴንድ» ይምረጡ። የኤችዲኤምአይ፣ የቪጂኤ እና የዩኤስቢ-ሲ ማገናኛ በቦርሳ መያዝ ቀኑን ያድናል። ከ20 ለማይበልጥ ሰው ጠረጴዛዎቹን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ መደርደር ሁሉንም ፊት ለፊት ያገናኛል፤ የቡድን ሥራ ከበዛ ግን አራት አራት ሰው የሚይዙ የተለያዩ ጠረጴዛዎች ይሻላሉ። ፍሊፕ ቻርት ላይ በጥቁርና በሰማያዊ ማርከር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፊደል ይጻፉ፤ ቀይና አረንጓዴ ከሩቅ ይደበዝዛሉ። እየጻፉ አይናገሩ፤ ጀርባ የሰጠ ድምፅ ግድግዳውን ነው የሚያናግረው።

መብራት ቢጠፋ ሥልጠናው መቀጠል የሚችል ይሁን። የደቂቃ እቅዱ በወረቀት፣ ዋናዎቹ ሥዕሎች በትልቅ ወረቀት ታትመው ካሉ፣ ሠልጣኙ ልዩነቱን አያስተውለውም።

10. ድምፅ፣ አቋም፣ ፍርሃት

ማይክሮፎን ከአገጭ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከአፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይያዝ፤ ወደ ድምፅ ማጉያው ፊት ሲዞር ይጮኻል። ዋና ነጥብ ከመናገርዎ በፊትና በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይበሉ። ፍርሃት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነውና የመክፈቻ ዓረፍተ ነገሮችዎን ድምፅዎን አውጥተው ቢያንስ አምስት ጊዜ ይለማመዱ፤ በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ቀድመው ደርሰው በበሩ ላይ ሠልጣኞችን በስም መተዋወቅም ያረጋጋል፤ ለማያውቁት ሕዝብ መናገሩ ይቀርልዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ያስፈልጋል። «ከመልእክት 7 በመቶው ብቻ በቃላት ይተላለፋል» የሚለው አባባል በየሥልጠናው ይደጋገማል። ቁጥሩ የመጣው አልበርት መሕራቢያን በ1967 (እ.ኤ.አ.) ካሳተማቸው ጥናቶች ነው፤ የሚመለከቱትም አንድ ሰው ስሜቱን ሲገልጽ ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ሲጋጩ አድማጭ የትኛውን እንደሚያምን ነው። ለትምህርት አይሠራም። «ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ ያስታውሳል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ኤድጋር ዴል በ1946 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሾጣጣ ሥዕል አንድም መቶኛ አልነበረበትም፤ ቁጥሮቹ በኋላ በሌሎች የተለጠፉ ናቸው። ሁለቱንም ከስላይድዎ ያውጡ።

11. ከባድ ሰዓቶች

አንድ ሰው ሁሉን ጥያቄ ሲመልስ «አሁን ደግሞ እስካሁን ካልተናገሩት እንስማ» ብለው ፊትዎን ወደ ሌላው ወገን ያዙሩ፤ በእረፍት ሰዓት ለብቻው አግኝተው እርዳታውን ይጠይቁት። ክፍሉ ጭራሽ ዝም ካለ ጥያቄውን አይደጋግሙ። «ለአጠገባችሁ ሰው በአንድ ደቂቃ ንገሩ» ይበሉ፣ ከዚያ ይጠይቁ፤ ለአንድ ሰው ተናግሮ የሞከረው መልስ ለሃያ ሰው መናገር አይከብደውም። ከምሳ በኋላ ገለጻ አያስቀምጡ፤ ልምምዱን ወደዚያ ያምጡት። «ይህ በእኛ ሥራ ላይ አይሠራም» የሚል ሠልጣኝ ሲነሣ አይከራከሩት። የማይሠራበትን ሁኔታ በዝርዝር ይንገራችሁ፣ ለክፍሉ እንደ ልምምድ ጥያቄ ይቅረብ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ የሥራ ቦታውን ከእርስዎ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

12. መዝጋትና መከታተል

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እርስዎ የሚከልሱባቸው አይደሉም። ወረቀቱ ይገለበጥ፣ ስክሪኑ ይጥቆር፤ ሠልጣኙ አራቱን እርምጃዎችና ምክንያታቸውን ከራሱ አውጥቶ ይጻፍ። ከአእምሮ ቆፍሮ ማውጣት ራሱ ትዝታን ያጠነክራል፤ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሙከራ ከሳምንት በኋላ በደንብ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ሳይሆኑ ራሳቸውን የፈተኑት መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች የጻፈውን ወረቀት አውጥቶ ራሱ ያርመው።

የእርካታ መጠይቅ መበተን ክፉ አይደለም፤ የሚለካው ግን ሰዎች ደስ መሰኘታቸውን ነው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥልጠና የሚመዘንባቸውን አራት ደረጃዎች ሲዘረዝር ስሜትን የመጀመሪያው ብቻ አድርጎታል። መማር፣ በሥራ ላይ የታየ ለውጥና ለድርጅቱ የተገኘው ውጤት ይከተሉታል። ሁለተኛውን በፍተሻው አይተውታል። ሦስተኛው የሚታየው ሥራ ቦታ ላይ ነው።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ አድርጎ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሙከራ እንዳሳየው መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በስልክ መልእክት አንድ ጥያቄ ይላኩ፤ መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሳያስታውቅ አምስት ሰዎችን በየተራ ወደ ማጥፊያው ወስዶ «ኮምፒውተሩ እየነደደ ነው» ይበላቸው፤ አንድ ወረቀት ይዞም ትክክለኛውን መምረጣቸውን፣ ፒኑን እጀታውን ሳይጨብጡ መንቀላቸውን፣ ወደ ሥሩ ማነጣጠራቸውን፣ መውጫውን ከጀርባ ማድረጋቸውን ምልክት ያድርግ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከሳቱ የሚስተካከለው የሥልጠናው እቅድ ነው፤ ያቺን እርምጃ በሚቀጥለው ዙር በሦስተኛው የማሳያ እርምጃ ላይ ሁለት ጊዜ ያሠሯት።